ኮራልን የሚጠብቀው አብሮ ውሃ የሚገባ አስጎብኚ ነው

ሞቃት ባሕር በከበባቸው ደሴቶች ለዕረፍት የሚሄዱ ጎብኚዎች መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርገው ኮራሉን ከላይ ሆነው ያያሉ፤ ሥልጠና የወሰዱት ደግሞ የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር አዝለው ወደ ታች ይጠልቃሉ። ከሁለቱም የሚገኘው ገንዘብ ለብዙ ደሴት ነዋሪዎች እንጀራ ነው። ይሁን እንጂ ንግዱ የቆመበትን ኮራል ራሱን እየበላ ሊቀጥል አይገባም። በብዙ ቦታ ለጥበቃ ተብሎ የሚደረገው ሰሌዳ መትከልና ጀልባ ላይ «ኮራሉን አትንኩ» ብሎ ማሳሰብ ነው። ይህ አይበቃም። ከጥቂት ጎብኚዎች ጋር አብሮ ውሃ የሚገባና ስሕተትን እዚያው የሚያርም አስጎብኚ በሕግ ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ የጎብኚው ቁጥርም አስጎብኚው በዓይኑ ሊከታተለው ከሚችለው ማለፍ የለበትም።

ለምን ቢሉ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት የኖራ አጽም እየገነቡ ይኖራሉ፤ ሕይወት ያለው ያንን አጽም የሸፈነው ስስ አካል ብቻ ነው። ክብና ጠጣር የሆኑት ዝርያዎች በዓመት የሚጨምሩት ባብዛኛው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጀማሪው ዋናተኛ መነጽሩ ውስጥ ውሃ ሲገባ ይደነግጥና ለመቆም እግሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ የሚረግጠው ኮራሉን ነው። ሚዛኑን በትንፋሹና በመጥለቂያ ጃኬቱ አየር መጠበቅ ያቃተው ጠላቂ ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ ለመነሣት በኃይል ይቀዝፋል። እግሩ ላይ ያጠለቀው ረጅም መቅዘፊያ ከኋላው ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ አሸዋውንም አስነሥቶ ፖሊፖቹ ላይ ይደፋል። ሰውየው ዓይኑ ወደ ፊት ስለሆነ ያደረሰውን ጥፋት ሳያይ ያልፋል።

ማስረጃውም ይህንኑ ይደግፋል። በካሪቢያን ደሴት በሴንት ሉሺያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት 353 ጠላቂዎችን ተከታትሎ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሪፉን (ኮራሎቹ የገነቡትን ክምር) ነክተዋል፤ አብዛኛው ንክኪም በመቅዘፊያ የደረሰ ነው። ከመጥለቅ በፊት የተሰጠው አጭር ማሳሰቢያ ለውጥ አላመጣም፤ አስጎብኚው ውሃ ውስጥ ጣልቃ እየገባ ሲያርም ግን ንክኪው በእጅጉ ቀንሷል። ቀደም ሲል በግብጹ ራስ መሐመድ ፓርክ በተደረገ ጥናት፣ ሰፋ ያለ ገለጻ ውጤት ማምጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያም ገለጻውን የተከተለ የውሃ ውስጥ ማሳያ ነበረ። ሁለቱም ጥናቶች የሚሉት አንድ ነው፤ ትምህርቱ ከጀልባው ወርዶ ውሃ ውስጥ መግባት አለበት።

በዛንዚባር አጠገብ ያለችው ቹምቤ ደሴት ጎብኚን መገደብ በተግባር እንደሚቻል አሳይታለች። ሪፏ እ.ኤ.አ. በ1994 በመንግሥት ተከለለ። ለእንግዶች የተሠሩት ጎጆዎች ሰባት ብቻ ናቸው፤ ጎብኚም በሲሊንደር መጥለቅ አይፈቀድለትም፣ በቱቦ እየተነፈሰ ከላይ መዋኘት እንጂ። ለጥበቃ ከሠለጠኑት መካከል የቀድሞ ዓሣ አጥማጆች ይገኛሉ፤ ከእንግዶች በሚገኘው ገቢ ደግሞ የአካባቢው ተማሪዎች መጥተው ሪፉን ያያሉ፣ ይማራሉ።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ኮራልን የሚገድለው የባሕር መሞቅ እንጂ የቱሪስት እግር አይደለም» የሚል ነው። የሙቀቱ ጉዳት እንደሚብስ አልክድም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 የደረሰው መንጣት (ኮራል በሙቀት ቀለሙን ማጣቱ) የሕንድ ውቅያኖስን ኮራሎች ክፉኛ ጎድቷል። ነገር ግን አንዲት ደሴት ብቻዋን የዓለምን ሙቀት መቀነስ አትችልም፤ ወደ ውሃዋ የሚገባውን ሰው መቆጣጠር ግን ትችላለች። ከመንጣት ለማገገም የሚታገል ኮራል ደግሞ በየቀኑ መረገጥን አይችልም። ሁለተኛው ተቃውሞ ክፍያው ይወደድና ባሕሩ የሀብታም ብቻ ይሆናል የሚል ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ለነዋሪውና ለተማሪው ዝቅተኛ ዋጋና የተጠበቀ ቦታ በደንቡ ውስጥ መካተት አለበት። ርካሹ ጉዞም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ሪፉ ሲፈርስ ዓሣው ይሸሻል፣ ዕዳውን የሚከፍለው ዓሣ አጥማጁ ነው። ሦስተኛው ገደብ ሥራ ያሳጣል የሚል ነው። አንድ አስጎብኚ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን ብዙ አስጎብኚ ያስፈልጋል። ገደብ አለማበጀት የሚያመጣውን ደግሞ ታይላንድ አይታዋለች። በቀን ሺዎች ይጎርፉበት የነበረው ማያ ቤይ ኮራሉ ተሰባብሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ሙሉ በሙሉ ተዘጋ፤ የተከፈተው በ2022 በተወሰነ ቁጥር ነው። በእነዚያ ዓመታት በዚያ የባሕር ወሽመጥ የነበረው ገቢ ቆሞ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዛንዚባር ስለሚበር ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የደሴቶቹ መንግሥታት ፈቃድ ሲሰጡ የጀልባውን ደኅንነት ብቻ ሳይሆን ውሃ የሚገባውን አስጎብኚና የሚይዘውን የሰው ብዛት ይመርምሩ። እኛም ጉዞ ስንገዛ ከዋጋው በፊት «ውሃ ውስጥ ማን አብሮን ይገባል? ስንት ሰው ይዞ?» ብለን እንጠይቅ። መልስ የሌለው ድርጅት ገንዘባችን አይገባውም።