የልጅና የቤተሰብ ጥናት መምህር ማን ይሁን?

በኮሌጅ ደረጃ የልጅና የቤተሰብ ጥናትን ለማስተማር ብቁ የሚባለው ማን ነው? ጥያቄው ሲነሣ ሁለት መልሶች ይደመጣሉ። አንደኛው «ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል» ሲል፣ ሁለተኛው «ሁለተኛ ዲግሪ ካለው ይበቃል» ይላል። እኛ ግን ሁለቱም ጎደሎ ናቸው እንላለን።

ድንጋይ ሲወድቅ ያላየ ሰው የለም፤ የስበትን ሕግ ለማወቅ ግን መለካት አስፈልጓል። ልጅ ማሳደግም እንዲሁ ነው። እናት ስለ ልጇ ብዙ ታውቃለች፤ ይሁን እንጂ የአንድ ልጅ ጠባይ የልጆች ሁሉ ሕግ አይሆንም። የሕፃን አንጎል ገና በሦስት ዓመት ዕድሜው የዐዋቂን አንጎል መጠን 80 በመቶ ያህል እንደሚደርስ የታወቀው በምርምር እንጂ በልማድ አይደለም።

ዲግሪ ብቻውን የማይበቃበትን ምክንያት ደግሞ ከባምቢስና ከካዛንቺስ መንደሮች እንማራለን። በአንድ ግቢ ተጠጋግተው በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ፣ እናት ሥራ ስትውል ልጇን የምታይላት ብዙ ጊዜ ጎረቤቷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ለፈረሰው ቤት ምትክ ቤት ይሰጣል፤ ለጎረቤቷስ ምትኳ ማን ነው? ቤተሰብ ማለት አባት፣ እናትና ልጆች ብቻ ናቸው ብሎ ከባዕድ መጽሐፍ ያጠና መምህር ይህን ጥያቄ ከቶ ላያነሣው ይችላል።

ቤተ ሙከራ ገብቶ የማያውቅ ሰው የተግባር ፊዚክስ እንዲያስተምር አንፈቅድም። የልጅና የቤተሰብ ጥናት ቤተ ሙከራ የሕፃናት ማቆያው፣ ጤና ጣቢያውና መኖሪያ ቤቱ ነው። አገራችን ለዚህ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ንድፈ ሐሳብን ከመስክ ልምምድ ጋር ያጣምር ነበር። በደርግ ዘመን ተቋርጦ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዳግም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። መምህርን የሚያፈራው መምህር ነውና፣ እንዲህ ያለ ክፍተት በቀላሉ አይሞላም።

ስለዚህ ሦስት መመዘኛዎችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ በሙያው የተገኘ ሁለተኛ ዲግሪ፤ ሁለተኛ፣ በባለሙያ ክትትል ሥር ከልጆችና ከቤተሰቦች ጋር ቢያንስ አንድ ዓመት መሥራት፤ ሦስተኛ፣ በአገር ውስጥ የተሰበሰበ መረጃን መርምሮ ማስተማር መቻል። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ 20 ሥፍራዎች 3,000 ያህል ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል። ይህን ሀብት ሳይነካ የባዕድ ሠንጠረዥ ብቻ የሚያስጠና መምህር ግማሽ መምህር ነው።

«መመዘኛው ሲጠብቅ መምህር ይጠፋል» የሚሉ ይኖራሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን መመዘኛውን ማላላት ሳይሆን፣ በማቆያ ብዙ ዘመን የሠራችው ሞግዚትና ባለ ዲግሪው በአንድ ክፍል አብረው እንዲያስተምሩ ማድረግ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ይህን ሙያ የምትመርጡ ከሆነ መምህራችሁን «ከዲግሪዎ ሌላ፣ ከልጆች ጋር ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ።