«ነፃ» ነኝ የሚለውን መጥበሻ ማን አጠበው?

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴን አጅቤ ሾላ ገበያ ወርጄ ነበር። የምትፈልገው መጥበሻ ነው፤ እንቁላል የማይዝ፣ ዘይት የማይፈጅ፣ በተለምዶ ቴፍሎን የምንለውን። ሻጩ ሁለት አወረደላት። የአንደኛው ካርቶን ላይ በቀይ ክብ ውስጥ «ፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ ፍሪ» የሚል ተጽፏል፤ ዋጋውም ከጎኑ ካለው በግማሽ ያህል ይበልጣል። ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቀው «ማዘር፣ ካንሰር የለውም ማለት ነው» አላት። «ታዲያ ያኛው አለው ማለት ነው?» ስትለው ሳቀና ዋጋ ለመቀነስ ተዘጋጀ።

የሻጩ መልስ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ግን ዋናውን ነገር ስቷል። ቴፍሎን እ.ኤ.አ. በ1938 ሮይ ፕለንኬት በተባለ የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት የተገኘ ፕላስቲክ ነው። ለመጥበሻ የሚሆነው ዓይነት የሚሠራው ጋዝ በግፊት ውኃ ውስጥ ገብቶ ወደ ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ሲለወጥ ሲሆን፣ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው እንዳይጓጉሉ እንደ ሳሙና የሚያገለግል ኬሚካል ይጨመራል። ለአሥርተ ዓመታት ያ ሳሙና ፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ ነበር። ፕላስቲኩ ከተሠራ በኋላ ግን ሳሙናው እድፍ ነውና መውጣት አለበት። ደህና ፋብሪካ ፈሳሹን ሬዚን በሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች መካከል ያሳልፈዋል። እንክብሎቹ ሳሙናውን ይዘው ፕላስቲኩን ይለቃሉ፤ የተያዘውም ተመልሶ ለሥራ ይውላል። ከዚህ የተረፈው ደግሞ ሽፋኑ በመጥበሻው ላይ ከ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲጋገር አብዛኛው ይተናል። በአግባቡ በተሠራ መጥበሻ ላይ የሚቀረው ኢምንት ነው። አክስቴ ልትፈራ የሚገባት ይልቅ ባዶ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ላይ ጥዶ መርሳትን ነው፤ ያን ጊዜ ሽፋኑ ራሱ መበስበስ ይጀምርና መርዛማ ጭስ ያወጣል።

እንግዲህ ጥያቄው ወዲህ ነው፤ ከፕላስቲኩ የወጣው እድፍ የት ይሄዳል? በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ፓርከርስበርግ ከተማ አጠገብ የነበረው የዱፖንት ፋብሪካ ለዓመታት ወደ ኦሃዮ ወንዝና ወደ አየር ለቀቀው። የነዋሪው የመጠጥ ውኃ ተበከለ። 69,000 ያህል ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ኬሚካሉ ከኩላሊትና ከወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር፣ ከሌሎችም በሽታዎች ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ደመደመ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ዱፖንትና ከእሱ የወጣው ኬሞርስ 3,500 ያህል ክሶችን በ670.7 ሚሊዮን ዶላር ዘጉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2023 ኬሚካሉን ለሰው ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው። ከእንጦጦ የሚወርደውን የቀበና ወንዝ የሚያውቅ የየካ ሰው ይህ ታሪክ አይከብደውም። ላይ ያለው ይደፋል፣ ታች ያለው ይቀዳል።

ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ያለው ቃል እውነት ከሆነ በዋነኛነት የሚጠብቀው እንቁላል የሚበላውን ሳይሆን ከፋብሪካው ጎን የሚኖረውን ነው። ለዚህ ተጨማሪ ብር መክፈል ነውር የለውም፤ እኔም እከፍላለሁ። ግን እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ደግሞስ በፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ ፈንታ ምን ገባ? ዱፖንት የተካበት ጄንኤክስ የተባለው ኬሚካል በሰሜን ካሮላይና በኬፕ ፊር ወንዝ ውስጥ መገኘቱ በ2017 ታውቆ ሌላ ጭቅጭቅ አስነስቷል። «ነፃ» የሚለው ቃል ይህን አይናገርም።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው ኢኮኖሚስት በ1970 (እ.ኤ.አ.) ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባወጣው ጽሑፍ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ የማያውቅ ከሆነ መናኛው ዕቃ ደህናውን ከገበያ ያስወጣዋል ብሎ ነበር። በኋላ ለኖቤል ያበቃው ይህ ሥራ ነው። የሾላው ገበያ ግን ከአከርሎፍም የባሰ ነው፤ እዚህ ሻጩም አያውቅም። ቀይ ክቡን ማተም ሬዚን ከመግዛት ይረክሳል። አትሞ የሚሸጠውና አጥቦ የሚሸጠው እኩል ዋጋ ካገኙ የሚያጥበው ሞኝ ነው።

ከእንጦጦ ግርጌ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች የምንገዛው ምጣድ በዚህ በኩል የተሻለ ገበያ አለው። ምጣዱ ጥሬ መሆኑን ገዢዋ ታውቃለች። ቤቷ ወስዳ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች፤ ማጥራቱ በእጇ ነው፣ ሲሰነጠቅም በዓይኗ ታየዋለች። ቴፍሎንን ማሟሸት ግን ባሕር ማዶ፣ እኛ በማናየው ጓዳ ያለቀ ጉዳይ ነው። የሚቀረን ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱንም አንጠይቅም።

ለምን አንጠይቅም? ፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ በ2019 (እ.ኤ.አ.) በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገድ ተወስኗል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዕቃ ውስጥ ከቢሊዮን 25 እጅ በላይ እንዳይገኝ ከልክሏል። ለአውሮፓ የሚሸጥ ፋብሪካ የምርመራ ውጤት አለው ማለት ነው። መጥበሻ በኮንቴይነር የሚያስገባ አስመጪ ከኢንቮይሱ ጋር ያንን ውጤት እንዲያቀርብ፣ በምን እንደተተካም እንዲገልጽ ቢጠየቅ የሚከብደው አይመስለኝም። መስፈርቱን የደረጃዎች ኢንስቲትዩት ያውጣ፤ ወረቀቱን የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይይ፤ ከመርካቶና ከሾላ አልፎ አልፎ ናሙና እየተነሳ ይመርመር።

ነጋዴዎች «ቁጥጥር ሲበዛ ዕቃው በኮንትሮባንድ ይገባል» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ሻንጣ ይዞ የሚመላለሰውን ማሳደድም ትርፍ ድካም ነው። እኔ የምለው ግን መጥበሻ ሁሉ ይታገድ አይደለም። «ነፃ ነው» ብሎ በዚያ ቃል ጭማሪ ዋጋ የሚጠይቅ፣ ቃሉን ያስረዳ። ማስረዳት ያቃተው ቃሉን ከካርቶኑ ይፋቀውና በተራው ዋጋ ይሽጥ።

ከሻጩ ጋር ካርቶኑን ገልብጠን የአምራቹን ስም ፈልገን ነበር። የአገር ስም አለ፣ የፋብሪካ ስም የለም። አክስቴ ርካሹን መጥበሻ ገዛች፤ በተረፋት ብርም ጎመን ዘር ሸምታ ወደ ኮተቤ ታክሲ ተሳፈረች።