«ፍሬን እምቢ አለ» መልስ አይሆነንም

መኪና ገደል ገባ፣ ዕቃ ተበተነ፣ ሰው አለቀ በተባለ ቁጥር የምንሰማው አንድ ቃል ነው፦ «ፍሬን እምቢ አለ።» ባለመኪናው ይለዋል፣ ደላላው ይደግመዋል፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሁሉ «ምን ይደረግ፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ነገሩ በዚያው ይዘጋል። በመተማ፣ በሞያሌና በቶጎ ውጫሌ መስመር ዕቃ የምናመላልስ ሴቶች ግን ይህን ቃል ከእንግዲህ አንቀበልም። ፍሬን በራሱ ፈቃድ እምቢ አይልም። ወይ ሳይታይ ሰንብቷል፣ ወይ ቁልቁለቱ ላይ ሰው አቃጥሎታል።

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ አስቡት። እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ያንን ሲወርድ ጉልበቱ የት ይገባል? ፍሬን የሚይዘው እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ሂሳቡን ሠርተነዋል፦ ያ ጉልበት በሙሉ ሙቀት ቢሆን፣ ባለ 200 ሊትር በርሜል አምስት ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ይህን ሁሉ እሳት የፍሬን ሸራና ታምቡር ላይ ብቻ መጫን ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው መያዝ ይተዋል። በዘይት ፍሬን የሚሠሩት ሚኒባሶችና ትናንሽ የጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። በንፋስ የሚሠራው ከባድ መኪናም ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ንፋሱ ይጎድልበታል።

ስለዚህ መኪናውን መያዝ ያለበት ሞተሩ ነው። ከባድ ማርሽ የሚገባው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ላስገባ ቢሉ ማርሹ አልገባም ብሎ ዜሮ ላይ ሊቀር ይችላል። የሞተር ፍሬን ያለው ይከፍተዋል። እግርም ፍሬን ላይ ተጭኖ አይውልም፦ 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርጎ መርገጥ፣ ወደ 30 ሲወርድ መልቀቅ፣ ሲፈጥን እንደገና። ይህ የተሰወረ ጥበብ አይደለም፤ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ታዲያ ይህን እያወቀ ማርሽ ዜሮ አድርጎ የሚወርደው ለምንድን ነው? ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ይሉናል። ልማዱ የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ ኬንያ ውስጥ ከናኩሩ ወደ ኤልዶሬት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሳልጋ ስሟ የከፋው ከባድ መኪኖች በዜሮ እየወረዱ በሚያደርሱት አደጋ ነው። ግን ቁጠባው ራሱ እውነት ነው? መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ በአብዛኛው የናፍጣ ሞተር ፓምፑ ያን ጊዜ ነዳጅ ያቋርጣል። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ስለዚህ ፍሬን በሚያስፈልገው ቁልቁለት ላይ በዜሮ የሚወርድ ሰው ናፍጣም ያቃጥላል፣ ሸራም ይጨርሳል። ሂሳብ ለተማረ ሰው ይህ ቁጠባ አይባልም።

ጥፋቱን ሁሉ ሹፌሩ ላይ ጭነን አንሄድም። ሹፌሩን በምልልስ እየከፈለ የሚያስሮጠው ባለንብረት አለ። የናፍጣውን ሊትር እየቆጠረ የሸራውን መሳሳት የማያይ አለ። «ለቅዳሜ ገበያ ካልደረሰ ሌላ መኪና አለ» የሚል ደላላ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የሚፈሰው የሚለቀም ነገር አይደለም።

«ኢንሹራንስ አለን» የሚሉንም አሉ። የማን ኢንሹራንስ? የሦስተኛ ወገን መድን የኛን ካርቶን አይከፍልም። ድንበር ስንሻገር የሚያሳዩን የኮሜሳ ቢጫ ካርድም ለጭነት የተሠራ አይደለም። ዕቃው በእቁብ ብርና በብድር የተገዛ ነው። መኪናው ሲገለበጥ ባለመኪናው ሌላ መኪና ይኖረው ይሆናል፤ ዕዳው ግን ከእኛ ጋር ቤት ይገባል።

ከዕዳውም የከፋ አለ። ሰኔ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ለንዲያኒ መገንጠያ ላይ ከቁጥጥር የወጣ ከባድ መኪና ከ50 በላይ ሰዎች ገድሏል። ከሞቱት ውስጥ መንገድ ዳር ዕቃ ዘርግተው የሚሸጡ ነበሩበት። ከባድ መኪና መቆም ሲያቅተው ማንን እንደሚያገኝ ያያችሁት እንደሆነ፣ ጀብሎ ይዘው ቆመው ደንበኛ የሚጠብቁ የእኛው ዓይነት ሰዎች ናቸው።

«ሴቶች ስለ መኪና ምን አገባችሁ?» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ዕቃው የእኛ ነው፣ ኪራዩን የምንከፍለው እኛ ነን፣ ጋቢና ውስጥ የምንቀመጠውም እኛ ነን። ስለዚህ ዕቃ ስንጭን ከዋጋው ጋር እነዚህን እንነጋገር፣ በውሉም ላይ ይጻፉ፦

አንደኛ፣ ከመጫኑ በፊት ሸራውና ንፋሱ ይታይ፤ ማን እንዳየውም ይጻፍ።
ሁለተኛ፣ መኪናው ከተፈቀደለት ክብደት በላይ አይጫን፤ የኛም ዕቃ ቢሆን ለሁለተኛ መኪና ይተላለፍ።
ሦስተኛ፣ ትልቅ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ጎማና ፍሬን ይታይ፣ ከባድ ማርሽ ገብቶ ይውረድ።
አራተኛ፣ የሸራ ሽታ ከመጣ ወይም ጎማ ከጨሰ ቦታ ፈልጎ ይቁም። ለዚህ መዘግየት ሹፌሩ ከክፍያው አይቀነስበት።
አምስተኛ፣ በዕቃ ላይ ሰው አይጫን።

አንዷ ብቻዋን ብትጠይቅ ደላላው «አንቺ ሴትዮ አታካብጂ» ብሎ ያልፋታል። አሥር ሆነን በአንድ ቃል ብንጠይቅ ግን የሚያልፈን የለም፤ የእኛ ጭነት ከሌለ መኪናው ባዶውን ይመለሳል። በዚህ ውል የሚጭን ባለመኪና ካለ ኪራዩ ትንሽ ቢጨምርም እርሱን እንያዝ፣ ለእህቶቻችንም እንንገር። በዜሮ ለሚወርድ መኪና ግን ዕቃም ነፍስም አንሰጥም።