ዝምታው ነው የሚጎዳን

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ጃቫስክሪፕት ለሚጀምር ተማሪ ግን ይህ ተረት አይሠራም፤ ዝምታውም ይነቅዛል።

ጃቫስክሪፕት ለጀማሪ ቀላል ነው ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፣ ብራውዘርና ኖትፓድ ካለ ሌላ የሚጫን ነገር የለም። ብሬንደን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ የመጀመሪያውን ቅጂ በ10 ቀን ገደማ ሲሠራው፣ ሙያቸው ፕሮግራም መጻፍ ያልሆነ ሰዎችም እንዲጠቀሙበት ታስቦ ነበር። ስለዚህ ስህተት ሲያይ ቶሎ አይቆጣም። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ተማሪ የሁለት ፈተና ውጤት የሚደምር ገጽ ሠራ እንበል። ከመሙያው ሳጥን የሚመጣው እሴት ስትሪንግ እንጂ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ 30 እና 45 ሲገቡ የ + ምልክት አስከትሎ ይጽፋቸውና 3045 ይላል። የ - ምልክት ግን ወደ ቁጥር ቀይሮ በትክክል ይቀንሳል። በመቀነስ ብቻ የሞከረ ተማሪ «ሠርቷል!» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የእኩልነት ምልክቱስ? በ == ሲወዳደሩ 0 ከባዶ ስትሪንግ ጋር እኩል ነው፤ 0 ከ"0" ጋርም እኩል ነው። "0" እና ባዶ ስትሪንግ እርስ በርስ ግን እኩል አይደሉም! በ === ቢጻፍ ኖሮ ሦስቱም «አይደለም» ይባሉ ነበር።

የቫሪያብል ስም በፊደላችን መጻፍ እንደሚቻልስ ስንቶቻችን እናውቃለን? ድምር = 75; ብሎ መጻፍ ይቻላል (መዝጊያው ግን የእኛ ድርብ ሰረዝ አይሆንም)። ታዲያ በስህተት ድምረ = 75; ብንልስ? ቋንቋው ምንም ሳይል አዲስ ቫሪያብል ይፈጥርልናል፤ ዋናው ድምር እዚያው በነበረበት ይቀራል።

መድኃኒቱ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ደንብ «ዩዝ ስትሪክት» የሚለውን ትእዛዝ አመጣ። በፋይሉ መጀመሪያ በጥቅስ ውስጥ ከተጻፈ፣ ያልታወጀ ስም ሲያጋጥመው ስህተት ብሎ ይቆማል። በ2015 ደግሞ «ሌት» እና «ኮንስት» መጡ።

«ጀማሪን በቀይ ጽሑፍ ማስፈራራት አይሆንም ወይ?» የሚሉ አሉ። በእኔ እምነት ተማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው ቀዩ ጽሑፍ አይደለም፤ እሱማ የመስመሩን ቁጥር ሳይቀር ይነግረናል። ተስፋ የሚያስቆርጠው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈለግ የማይገኘው ዝም ያለ ስህተት ነው። «እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርኩም» ብሎ ዲፓርትመንት የሚቀይረው እንዲህ ያለው ተማሪ ነው።

ስለዚህ ዲፓርትመንታችን ከመጀመሪያው ላብ ጀምሮ ሦስት ነገር ግዴታ ያድርግልን፦ ስትሪክት፣ === እና በ«ሌት» ወይም በ«ኮንስት» ማወጅ። እርማቱም «ሠራ ወይስ አልሠራም» በሚለው ብቻ አይሁን። የሚቆጣ መምህር የሚጠላው ለጊዜው ነው፤ ዝም ብሎ የሚያሳልፈን ግን ሥራ ላይ ያዋርደናል።