ሳንጠይቅ ሳቅን

ባለፈው እትማችን «የግቢው ትዝብት» በሚለው ዓምድ ሥር ስለ አንድ ተማሪ ስድስት መሥመር የምታኽል ቀልድ አውጥተን ነበር። ተማሪው በቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፉን ተንተርሶ ያንኮራፋል፤ በክፍል ውስጥ ደግሞ መምህሩ ስሙን በጠሩ ጊዜ ከእንቅልፉ ብንን ብሎ «አለን! ካርዱ እኔ ዘንድ ነው!» እያለ ተነሣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛም ነገሩን ጽፈን፥ በማባዣው መኪና አባዝተን፥ በየመኝታ ቤቱ በተንነው። ስሙን ባለመጥቀሳችን ጨዋነት ያደረግን መስሎን ነበር፤ ይሁን እንጂ ማን እንደ ሆነ ያላወቀ አልነበረም።

ዛሬ እርሱ ራሱ ፈቅዶልን የቀረውን እንጽፋለን። ተማሪው የወግዲ ልጅ ነው። እናቱ ታመው በመጀመሪያ ወደ መካነ ሰላም፥ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ፥ ከደሴም በሪፈር ወደ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። በዚህ ከተማ ከእርሱ በቀር የሚያውቁት ሰው ስለሌለ አስታማሚያቸው እርሱ ብቻ ሆነ። 19 ሌሊት በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ አድሮ፥ ጧት ጧት ወደ ክፍል ይመጣ ነበር። «ካርዱ እኔ ዘንድ ነው» ያለውም ስሙ ሲጠራ የሐኪሙ ተራ የደረሰ መስሎት ነው። እንግዲህ ጆሮ ቢኖረን ኖሮ ሚስጥሩ በዚያች በሳቅንባት ቃል ውስጥ ነበር። ካርድ የሚያዘው የት እንደ ሆነ የማያውቅ ተማሪ ከመካከላችን ማን አለ?

ይቅርታ ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ አልተቈጣንም። «ቀልዱስ ጥሩ ነበር፤ ለእናቴ አንብቤላት በሕመሟ መካከል ሳቀች» አለን። ቀጥሎ ግን «አንድ ሰው ብቻ ‹ለምን አንቀላፋህ?› ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር» አለ። እናቱ አሁን ተሽሏቸው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እርሱ ግን አንድ ፈተና አምልጦታል። ይህን ርእሰ አንቀጽ የምንጽፈውም ያችን «ለምን?» የምትል ቃል ባለመናገራችን ነው።

በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ያላወቁትን ነገር ለማወቅ ይጠይቃሉ፤ በሽተኛንም ሄደው ይጠይቃሉ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለሁለቱ አንድ ቃል ያኖሩት በቃል እጥረት አይመስለንም። የሰውን ችግር ሳይጠይቁ ማወቅ፥ ካወቁም በኋላ ሳይጠይቁ መቅረት እንደማይቻል ሲነግሩን ነው። እኛ ደግሞ የተማርን ነን ስንል ለፈተና ብቻ ጠያቂ ሆነን ቀረን።

ይህን ስንል በዚህ ግቢ ሳቅ ይጥፋ ማለታችን አይደለም። መቸም የመኝታ ቤት ኑሮ ያለ ሳቅ አይገፋም። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ከተደራራቢው አልጋ ላይና ታች ሆነን የየዕለቱን ጉዳችንን ስንነጋገር ስንት ጭንቀት ቀልሎልናል! አንዱ የሌላ ክፍል ፈተና አዳራሽ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ያኽል ስለማያውቀው ትምህርት ሲጽፍ እንደ ቈየ ይናገራል። ሌላው ያለችውን አንዲት ሱሪ አጥቦ አስጥቶ ዝናብ ስለመታበት ብርድ ልብስ አገልድሞ እራት እንደ በላ ይናገራል። ሦስተኛው የበሽተኛ አባቱን የሽንት ብልቃጥ በወረቀት ጠቅልሎ በታክሲ ሲሄድ ረዳቱ «ጠጅ ነው ወይ?» እንዳለው ይናገራል። ይህን የመጨረሻውን የሰማነው አባቱ ከሆስፒታል በወጡ ማግሥት ሲሆን፥ ተናጋሪው ስቆ ስቆ በመጨረሻ አለቀሰ። ሰው ጉዱን በገዛ አፉ ሲናገር፥ ሰሚዎቹም የየራሳቸውን ጉድ ሲመልሱለት መድኃኒት ይሆነዋል፤ ብቻውን እንዳልሆነም ያውቃል። ጉዱን ሌላ ሰው ሲያወራበት ግን ያው ሳቅ ቍስል ይሆናል። የእኛ ጥፋት መሳቃችን ሳይሆን፥ እርሱ ሳይኖርበት በእርሱ ላይ መሳቃችን ነው።

ከዚህ ጽሕፈት ክፍል አዘጋጆች ሁለታችን የወግዲና የመካነ ሰላም ልጆች ስለ ሆንን፥ በአገራችን በሽተኛ እንዴት እንደሚጠየቅ በዐይናችን አይተናል። ወግዲ እስከ ዐባይ በረሃ የሚወርድ ቈላም፥ ብርዳም ደጋም ያለበት አገር ነው። መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ ሰው የታመመ እንደ ሆነ ሁለት አጠና ይቈረጣል፥ በገመድ ይታሰራል፥ ጋቢ ይነጠፍበታል፤ ቃሬዛ ይሆናል። አራት ሰው ይሸከማል፥ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ከኋላ ይከተላል፥ ትከሻው የዛለ ሲኖር «አምጣ!» ብሎ የሚቀበል አይጠፋም። ዳገት ላይ ማንም ማንንም አይለምንም። ይህም ለደግነት ብቻ የተተወ ነገር አይደለም። በወሎ ቅሬ የሚባል ማኅበር አለ፤ በሌላ አገር እድር የሚሉት ዓይነት ነው። ቅሬ ዳኛ አለው፥ ደንብ አለው፥ መቀጫም አለው። በብዙ ቦታ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ስለሚኖሩ፥ በአንዱ ቃሬዛ ሥር «እግዜር ይማርህ» የሚለውና «አላህ ያሽርህ» የሚለው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሄዳሉ። ታዲያ የአገራችን ገበሬ ይህን ያውቅ የነበረው የፖለቲካ ሳይንስ ወይም የኅብረተሰብ ጥናት ትምህርት ገብቶለት አይደለም። ቃሬዛ በአንድ ትከሻ እንደማይነሣ ስለሚያውቅ ነው።

አንድ ሰው «ይህ የጥንት ነገር ነው፤ ዛሬ ጤና ኬላ አለ፥ አምቡላንስም አለ» ይለን ይሆናል። እውነት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከደቡብ ወሎ ተሁለደሬ አንዷ ነበረች፤ ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ተዳርሷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም መድኑ የምርመራውንና የሕክምናውን ዋጋ ሲሸፍን፥ ከወግዲ መካነ ሰላም፥ በአቀስታና በጉጉፍቱ ብርድ አልፎ ደሴ፥ ከደሴም አዲስ አበባ የሚያደርሰውን የመኪና ዋጋ አይከፍልም። የአስታማሚውን ምግብና ማደሪያም አይከፍልም። የሪፈሩ ወረቀት በመንገድ የጠፋ እንደ ሆነም መድኑ ያለው ሰው ይቸገራል። መንገዱም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል በተዘረፈ ጊዜ የወሎ በሽተኛ ሌላ መጠጊያ ፍለጋ ተንከራትቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህም መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ።

በዚህ ሁሉ መካከል የቆመው ተማሪው ነው። የቤተ ሰቡ የመጀመሪያ ተማሪ ስለ ሆነ ጂኦግራፊም ያጥና ሒሳብ በቤተ ሰቡ ዘንድ እርሱ ሐኪም ነው። ሐኪሞች የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነውና የመድኃኒቱ ወረቀት ፎቶግራፍ በስልክ ይላክለታል፤ «አያ፥ ይህ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ተብሎ ይጠየቃል። እርሱም በአንደኛ ዓመት እንግሊዝኛው የሰውን ሕይወት የሚያህል ነገር ይተረጕማል። በሽተኛው አዲስ አበባ ከመጣም መሪው፥ አስተርጓሚው፥ ገንዘብ ያዡና አስታማሚው እርሱ ነው። በማግሥቱ ደግሞ ፈተና አለው።

ከሁሉ የሚከፋው መደባበቁ ነው። ቤተ ሰቡ «ልጁ ትምህርቱን እንዳያበላሽ አትንገሩት» ይላሉ፤ በስልክ ሲጠየቁም «ሁላችንም ደኅና ነን» ይላሉ። ተማሪውም ከሰማ በኋላ ለጓደኞቹ «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ድኽነቱ እንዳይታወቅበት፥ መዋጮ የሚለምን እንዳይመስልበት ይፈራል። በሁለት በኩል ሁለት ደኅና ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ በመካከሉ ግን በሽተኛ ተኝቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የደበቀውን ከመውቀሳችን በፊት እንዲደብቅ ያደረገው የእኛ አሿሿፍ እንደ ሆነ እንመርምር።

በተማሪ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ሥራ ተሠርቷል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ተደብቆ በነበረበት ጊዜ፥ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል የነበረው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው በግቢው ውስጥ ባሳዩ ጊዜ፥ ተማሪዎቹ ለቁርሳቸው የሚወጣው ገንዘብ ለረኃብተኛው እንዲውል ቁርሳቸውን ትተዋል። እነርሱ የማያውቁትን የሩቅ ሰው ጠይቀዋል። እኛ ደግሞ በራስጌያችን ባለው አልጋ ላይ የሚተኛውን አልጠየቅንም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባሎች የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፥ በየመኝታ ቤቱ ሕንጻ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚመርጧቸው ሁለት ሰዎች፥ አንድ ወንድምና አንዲት እኅት እንደየሕንጻው፥ የቅሬ ዳኛ ይሁኑ። ችግር የደረሰበት ለአንዱ ይንገር፤ ስሙ በሰሌዳ ላይ አይለጠፍ፥ በዚህ ጋዜጣም አይወጣ። ሁለተኛ፥ ሁሉም እንደ አቅሙ በየወሩ ጥቂት ያዋጣ፤ ሒሳቡ በደብተር ይጻፍ፥ ስንት እንደ ገባና ስንት እንደ ወጣ ይነበብ፥ ለማን እንደ ወጣ ግን አይነበብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው። ሦስተኛ፥ ገንዘብ የሌለው ትከሻ አለውና ሌሊት በተራ አስታማሚ የሚሆን፥ በክፍል የቀረውን ትምህርት ጽፎ የሚያቈይ፥ ወረፋ የሚይዝ ሰው ስሙን ያስመዝግብ። 18 ዓመት የሞላው፥ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስና ጤነኛ የሆነ ሰው በየ3 ወሩ ደም ሊሰጥ እንደሚችልም እናስታውሳለን፤ ይህ ከኪስ የማይወጣ መዋጮ ነው።

አራተኛ፥ እያንዳንዳችን አዝመራው ከገባ በኋላ ወደ ቤታችን ስንደውል «መድኑ ታድሷል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ይህች አንዲት ጥያቄ ከብዙ መዋጮ ትበልጣለች። አምስተኛ፥ ማኅበራችን ለግቢው አስተዳደር ጥያቄ ያቅርብ። ተማሪው ራሱ ሲታመም የሐኪም ወረቀት ይበቃዋል፤ ወላጁ ሲታመምበት ግን ፈተናው የመምህሩ ደግነት ላይ ይንጠለጠላል። ደጉ መምህር እንደገና ይፈትናል፥ ሌላው ዜሮ ይሰጣል። እኛ የምንለምነው ምሕረት አይደለም፤ ለሁሉ እኩል የሆነ የተጻፈ ደንብ ነው።

«ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል ቢኖር፥ ሆስፒታሉም መንገዱም መድኃኒቱም በእርግጥ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛ በመዋጮ እንተካዋለን አላልንም፥ መጠየቁንም አንተውም። ቃሬዛ የተሸከመ ገበሬም መንገድ ይሠራልኝ ማለቱን አልተወም። መንገዱ እስኪሠራ ድረስ ግን በሽተኛውን ከዳገት ሥር አላስቀመጠውም።

በመጨረሻ፥ ወንድማችን ሆይ፥ በስድስት መሥመር ላጠፋነው በዚህ ሁሉ መሥመር ይቅርታ እንጠይቅሃለን። «የግቢው ትዝብት» ከዚህ እትም ጀምሮ ባለቤቱ ራሱ ጽፎ ያላመጣውን ጉድ አያወጣም። እናንተም አንባቢያን፥ ነገ ጧት በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ጓደኛ ያያችሁ እንደ ሆነ፥ ከመሳቃችሁ በፊት ክርኑን ነካ አድርጋችሁ «ምነው፥ ቤት ደኅና ናቸው?» በሉት። ምናልባት ሌሊቱን ካርታ ሲጫወት አድሮ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አብራችሁ ሳቁ።

አዘጋጆቹ