ስፒከሩ ምን ያድርግ?

ዛሬ ወግ የያዝነው ስለ ጫጫታ ነው። ስለ ጫጫታ ለማውራት ደግሞ ከመርካቶ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አጎት ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። አሜሪካ ትራክ የሚነዳው ታናሽ ወንድማቸው በቅርቡ ጫጫታ ያጣራል የተባለ ስፒከር ላከላቸው። እዚያ ትራክ ነጂዎች ከሲቢ ሬዲዮ ጋር ይጠቀሙበታል። ጋሼ ሲቢ የላቸውም። ያላቸው ቀን ከሌት የሚያፏጭ ተራ የመኪና ሬዲዮ ነው። "እሱኑ ቢያጣራልኝ ምን አለ?" አሉና እኛን አስከትለው ሶማሌ ተራ ወረዱ።

ኤሌክትሪሺያኑ ልጅ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ አዳመጠ። ስፒከሩን ገና ከካርቶኑ ሳያወጣ እጁን ሰደደና የስልክ ቻርጀሩን ነቀለው። ፉጨቱ በግማሽ ወደቀ። ጋሼ እኛን አዩን፤ እኛ ቻርጀሩን አየነው። መንገድ ላይ ተከራክረን በርካሽ ገዝተን የሰጠናቸው እኛው ነበርን!

ከዚያ ወዲያ ልጁን በጥያቄ አጣደፍነው። የተማርነውን እናካፍላችሁ።

ጫጫታ አጣሪ ስፒከር ሥራው ማዳመጥና መቀነስ ነው። የሰው ንግግር ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ያርፋል፤ "ሽሽሽ" የሚለው ድምፅ ግን ሳይለዋወጥ ይቀጥላል። በውስጡ ያለው ኮምፒውተር ያንን የማይለዋወጠውን ለይቶ ይቀንሰዋል። እውነትም ጆሮ ያሳርፋል። ግን አንቴናው ያልያዘውን ቃል ከየትም አያመጣም። ማጣሪያውን ከልክ በላይ ከጨመሩበት ደግሞ ተናጋሪው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንጩን መፈለግ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ሬዲዮውን ብቻ ማስከፈት፤ ጫጫታው ከጠፋ ጥፋቱ ከጣቢያው ሳይሆን ከራስ መኪና ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ፉጨቱ አብሮ ከቀጠነ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው። የአንቴናውን ገመድ ሲነቅሉ ጫጫታው ካልጠፋ የሚገባው በኤሌክትሪክ ሽቦው በኩል ነው። ከጠፋ ደግሞ በአንቴናው በኩል ነው፤ ያኔ የአንቴናው መቆሚያ ዝጎ ከቦዲው ጋር በደንብ አለመገናኘቱን ማየት ያስፈልጋል።

የከባድ መኪና ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የመኪናው ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ሲሆን፣ ለቤት መኪና የተሠራ ሬዲዮ የሚፈልገው 12 ነው። አንዳንዱ ከሁለቱ ባትሪዎች የአንዱን ብቻ ይጠልፋል፤ ያ ባትሪ ከጓደኛው በፊት ይደክምና ሁለቱንም ያበላሻል። ሌላው ርካሽ መቀነሻ ይገዛል፤ መቀነሻው ራሱ ጫጫታ ይረጫል። የጋሼ ቀሪ ፉጨት የመጣው ከዚህ ነበር። ደህና መቀነሻ ተገዛ፣ የዛገው ተፈገፈገ፣ ሽቦው ተስተካከለ። ስፒከሩ የተገጠመው በመጨረሻ ነው፤ ያኔማ እንዴት ያምር ነበር!

እስቲ አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ።

ሲቢ የሚባለው ሬዲዮ አሜሪካ ውስጥ በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለተራው ሕዝብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። የታወቀው ግን ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ወዲህ ነው፤ ትራክ ነጂዎች ነዳጅ የት እንደሚገኝ የተጠያየቁት በእሱ ነበር። በ1977 ቻናሎቹ 40 ሆኑ። ኃይሉ በተለመደው ኤኤም 4 ዋት ብቻ ነው፤ የሚደርሰውም እንደ መሬቱ አቀማመጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ለመንገድ ግን ይበቃል። "ከፊት መኪና ተገልብጧል፣ ቀስ በሉ" ለማለት ስንት ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል?

የእኛስ ሹፌሮች? ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ያንን ሁሉ ዕቃ የሚያመላልሱ ሹፌሮች አብዛኛው መነጋገሪያቸው መብራት ማብለጭለጭ፣ ክላክስና ስልክ ነው። ስልኩን እየነዱ መያዝ ያስቀጣል፤ ኔትወርኩም በረሃው ላይ ይቆራረጣል። ጋሼ እንደነገሩን፣ አንድ ሌሊት ኩርባ ላይ ተበላሽቶ የቆመ መኪና ላይ ሊወጡ ለጥቂት ተርፈዋል። በተቃራኒ አቅጣጫ ያለፏቸው ሦስት መኪኖች ያንን የቆመ መኪና አይተውታል። መብራት አብለጭልጨውላቸዋል። ጋሼ ግን ሰላምታ መስሏቸው በመብራት መለሱ።

እና እኛ የምንለው ይህን ነው። የሬዲዮ ሞገድን የመፍቀድና የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ለረጅም መንገድ ሹፌሮች ጥቂት የጋራ ቻናሎች በአነስተኛ ኃይልና በተመዘገበ መሣሪያ ቢፈቀዱ ምን ይጎዳል? "ለመጥፎ ነገር ቢጠቀሙበትስ?" የሚል ይኖራል። ስጋቱን አንንቅም። ግን ሲቢ ማንም የሚሰማው ክፍት ቻናል ነው፤ ምስጢር ያለው ሰው መጨረሻ የሚመርጠው መሣሪያ ነው።

ሹፌሮቻችንም ብትሆኑ እስከዚያው ስፒከር ለመግዛት አትቸኩሉ። መርካቶ ላይ ይህን ምክር መስጠት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። እዚያ አንዱ ሱቅ ድምፅ ማጉያውን ሲከፍት ጎረቤቱ የባሰ ያስጮኻል፣ ሦስተኛው ከሁለቱም በላይ ይከፍተዋል፤ መጨረሻ ላይ ገዢው የማንንም ዋጋ አይሰማም። ጋሼም ለዓመታት ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ሬዲዮው ባፏጨ ቁጥር ድምፁን ይጨምሩ ነበር። በዚያው ልክ ረዳታቸው ከኋላ "በቃ! በቃ!" ሲል መስማት ተሳናቸው፤ የኋላ መብራታቸውን ሁለት ጊዜ አስቀይረዋል።

አሁን ሬዲዮው ዝቅ ብሎ ይሰማል። ረዳቱም ይሰማል። ቻርጀሩን መልሰውልናል፤ የሚፈልግ ካለ በነፃ እንሰጣለን።

ደግ ያሰማን!