ጫማ ከተሰቀለ በኋላ ስላለው ሥራ
ለእግር ኳስ ወዳጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ የእግር ኳስ ወዳጆች፣

የምጽፍላችሁ ስለ ቀድሞው የአርሰናል አጥቂ ስለ ኢያን ራይት ነው። ከእናንተ መካከል የአርሰናል ደጋፊ የሆነ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ ስለ ጎሎቹም ብዙ ተብሏል። እኔ ግን ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በተንታኝነት ማይክ ይዞ የሠራው ሥራ ሜዳ ላይ ከሠራው አያንስም ባይ ነኝ። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራይት በ1963 ለንደን፣ ዎልዊች ተወለደ። ያደገው ፍርሃት በነገሠበት ቤት ነው። የቢቢሲው የኳስ ፕሮግራም «ማች ኦፍ ዘ ዴይ» ሲጀምር የእንጀራ አባቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲቆም ያደርገው እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ድምፁን ይሰማል፤ ምስሉን አያይም። ኳስ ለሚወድ ልጅ ከዚህ የከፋ ቅጣት አይገኝም።

ከዚያ ሕይወት ያወጡት ሲድኒ ፒግደን የተባሉ መምህር ናቸው። ከክፍል እየተባረረ ደጅ ለሚቆመው ልጅ የተማሪዎች ስም መዝገብ እንዲሰበስብ ኃላፊነት ሰጡት። ማንበብና መጻፉን አስተካክለው አስተማሩት። ጎል ፊት ሲደርስ በጉልበት ከመለጋት ይልቅ እንደ አጥቂው ጂሚ ግሪቭስ ተረጋግቶ ኳሷን ማስቀመጥ እንደሚሻል የነገሩትም እሳቸው ናቸው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ሞተዋል ብሎ ያሰባቸው መምህር ካሜራ እየቀረጸ በድንገት ከፊቱ ሲቆሙ፣ ያ ዝነኛ አጥቂ ኮፍያውን አውልቆ እንደ ልጅ አለቀሰ።

የኳስ መንገዱም አልጋ በአልጋ አልነበረም። ክለቦች ለሙከራ ጠርተው አሰናበቱት፤ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ወኅኒ አስገባው። ክሪስታል ፓላስ በ1985 ሲያስፈርመው 22 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። በዚያ ዕድሜ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠዋል። እሱ ግን በ1990 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ከእግር ስብራት አገግሞ፣ ተቀይሮ ገብቶ ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ሁለት ጎል አገባ። በ1991 አርሰናል በ2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። መስከረም 1997 ቦልተን ላይ ሃትሪክ ሠርቶ በክሊፍ ባስቲን የተያዘውን የክለቡን የ178 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ከደስታው ብዛት ገና 178ኛውን ሲያገባ ማልያውን ገልጦ 179 የሚል ከነቴራ አሳየ፤ 179ኛውም ወዲያው ተከተለ። አርሰናልን የተሰናበተው በ185 ጎል ነው።

በዚያው 1997፣ ገና እየተጫወተ ሳለ፣ «ማች ኦፍ ዘ ዴይ» ስቱዲዮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። አቅራቢውን ዴስ ላይናምን «ይህ ለእኔ ግሬስላንድ ነው» አለው፤ የኤልቪስ ፕሪስሊ አድናቂዎች ሊሳለሙት የሚጎርፉበትን ቤት ማለቱ ነው። እንዳያየው የተከለከለው ፕሮግራም አሁን አገር ሁሉ እሱን የሚያይበት ሆነ።

ወንበሩን ማግኘት ግን አንድ ነገር ነው፤ መከበር ሌላ። በ2008 ቢቢሲን ለቆ ሲወጣ ምክንያቱን አልሸሸገም። ሌሎቹ ቁም ነገሩን ሲያወሩ እሱ ለማሳቂያ እንደተቀመጠ ተሰምቶት ነበር። ደመወዙን እየበላ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ሳቁም እንባውም አብረውት ነበሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሰው ያዳምጠው የነበረው ለሚናገረው ቁም ነገር ነው። አጥቂ ለምን ቀድሞ እንደሚሮጥ፣ ጎል የጠፋበት ተጫዋች ውስጡ ምን እንደሚመስል ያለፈበት ሰው ሲናገረው ልብ ውስጥ ይገባል።

ማይኩን ለራሱ ብቻም አልተጠቀመበትም። በ2022 የእንግሊዝ ሴቶች ቡድን በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ስዊድንን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ ከደስታው መሀል ቁጣውን አወጣ፤ ሴት ልጆች በትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ እንደ ወንዶቹ ኳስ የማይጫወቱ ከሆነ ይህ ሁሉ ድል ምን ፋይዳ አለው አለ። መጋቢት 2023 የ«ማች ኦፍ ዘ ዴይ» አቅራቢ የነበረው ጋሪ ሊኒከር ስለ ስደተኞች ፖሊሲ በጻፈው ምክንያት ከፕሮግራሙ ሲታገድ ቀድሞ «እኔም አልቀርብም» ያለው ራይት ነው። ሌሎቹ ተከተሉት፤ ፕሮግራሙ ያን ምሽት ያለ አቅራቢና ያለ ተንታኝ 20 ደቂቃ ብቻ ተላለፈ። ራይት ግንቦት 2024 ከፕሮግራሙ በራሱ ፈቃድ፣ በክብር ተሰናበተ።

ወዳጆቼ፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለአንድ ጉዳይ ነው። የተንታኝ ወንበር ለድሮ ዝና የሚከፈል ጡረታ መሆን የለበትም። ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ዝግጅት ይፈልጋል፤ እውነት መናገር ይፈልጋል፤ አንዳንዴም አልቀርብም ብሎ መነሣት ይፈልጋል።

በአገራችን ሬዲዮና ቴሌቪዥንም የቀድሞ ተጫዋቾች ሲጋበዙ እንሰማለን። እባካችሁ ጋዜጠኞች፣ የድሮ ትዝታ አስወርታችሁና አስቃችሁ ብቻ አትሸኟቸው። ተከላካይ የነበረውን ስለ መከላከል፣ ግብ ጠባቂ የነበረውን ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ጠይቁት፤ ሙያውንም አሠልጥኑት። እናንተ የቀድሞ ተጫዋቾች፣ የምታውቁትን ሳትፈሩ ተናገሩ። እኛ አድማጮች ደግሞ የሚያስጮኸንን ብቻ ሳይሆን የሚያስተምረንን እንምረጥ። ጥሩ ተንታኝ የሚበረክተው ጥሩ አድማጭ ባለበት ነው።

አክባሪያችሁ